ለካሜራ የተላከ ሽማግሌ

ባሌ ላቀው አንድ መጽሐፍ ይወዳል። አንድ ልበል እንጂ ሦስት ቅጽ ነው፤ «የብርዛፍ ዘመን» ይባላል። እኔ ይመኙሽ ሃያ ሰባት ዓመት የኖርኩት ከእሱ ጋር ብቻ ሳይሆን ከዚች ከብርዛፍም ጋር ነው። ጣውንት ብትሆን አንድ ቀን ፀጉር ተጓትተን ይለይልን ነበር። ወረቀት ሆነችብኝ እንጂ!

ላቀው እዚሁ አምባ ጊዮርጊስ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ጠባቂ ነው። ተማሪ መጽሐፍ ሲዋስ ገጹን ይቆጥራል፣ ሲመልስም ይቆጥራል። የገጽ ጥግ ያጠፈ ልጅ ካገኘ በቃ፣ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ፊት አያሳየውም። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። እልኸኛ ነው። አንዴ አኮረፈ ማለት ጾም ገባ ማለት ነው፤ መቼ እንደሚፈታ እሱና ፈጣሪው ናቸው የሚያውቁት።

ታሪኩን ባጭሩ ልንገራችሁ፤ ሳልወድ በግዴ በቃሌ ይዤዋለሁ። ብርዛፍ የእኛው የወገራ ልጅ ናት። አባቷ የመረጠላትን ሰው አላገባም ብላ ከነጋዴዎች ጋር በቅሎ እየነዳች ትጠፋለች። ሰባት ዓመት ቆይታ ትመለስና ድንጋይ በአንገቷ ተሸክማ አባቷ ደጅ ትቆማለች። በእኛ አገር ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው እንዲህ ነው፤ የተበደለው «ይቅር ለእግዚአብሔር» እስኪል ድንጋዩን አያወርድም። ያ አባቷ ታዲያ ከጧት እስከ ማታ ያስቆማታል። ፀሐይ ስትጠልቅ ነው ወጥቶ የሚያወርድላት።

ላቀው ይችን ምዕራፍ በየዓመቱ የፋሲካ ማግስት ጮክ ብሎ ያነብልናል። እዚያ ላይ ሲደርስ ድምፁ ይሰበራል፣ መነጽሩን ያወልቃል፣ «አባት ማለት ይሄ ነው» ይላል። እኔ ደግሞ «ልጅን ሙሉ ቀን ፀሐይ ላይ መገተር ምኑ ነው አባትነቱ?» እላለሁ። እሱ ቀጣዩን ገጽ ይገልጣል።

ያለችን አንድ ልጅ ናት፤ ዓይናዲስ። ፊደል ቆጥራ ስታበቃ ማንበብ የጀመረችው በዚሁ መጽሐፍ ነው፣ ጭኑ ላይ ቁጭ ብላ። ጎንደር ቲያትር ተማረችና እዚያው ማራኪ ሰፈር ቤት ተከራይታ ቀረች። አምና ጥቅምት ላይ ስልክ ደወለች። «አባዬ! የብርዛፍ ዘመን ፊልም ሊሆን ነው! ጽሑፉን ለፊልም የማዘጋጀው ደግሞ እኔ ነኝ!» ትላለች፤ ደስታዋ ከስልኩ አልፎ ቤቱን ሞላው። የኔው ሰውዬ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ማን ፈቀደላችሁ?»

በየማታው እየደወለ ይኼን እንዳትነኩ፣ ያንን እንዳትቀንሱ ሲላት ሰነበተ። እሷም ቻለችው። በሦስተኛው ሳምንት ግን እውነቱን ነገረችው። «አባዬ፣ ፊልሙ እኮ ሁለት ሰዓት ነው። ሦስት ቅጽ ሁሉ አይገባም። የድንጋዩ ምዕራፍ ወጥቷል።»

ላቀው ከተቀመጠበት ተነሣ። ፊቱ አመድ መሰለ። «ድንጋዩን ካወጣሽው እኔንም አብረሽ አውጪኝ። ከዛሬ ጀምሮ አባት የለሽም» ብሎ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋው።

አባት የለሽም! ለመጽሐፍ!  ነገ ይበርድለታል ብዬ ነበር፤ የት ይበርዳል። ለገና አላናገራትም። ለጥምቀት አላናገራትም። እሷ በኔ ስልክ ስትደውል ወደ ጆሮው ሳስጠጋለት ተነሥቶ ይወጣል። ለፋሲካ ዶሮዋን ይዛ ስትመጣ እሱ ወንድሜን ልጠይቅ ብሎ በጓሮ በር ሹልክ አለ። ልጄ የመጣችበትን ጫማ ሳታወልቅ፣ የበሩን ደፍ እያየች ስታለቅስ ዋለች። በዚያ ዓመት የፋሲካ ማግስት መጽሐፍ የሚባል አልተነበበም። ቤቱ ጭር አለ። ለካ ያንን የተሰበረ ድምፁን ለምጄው ኖሯል፤ ይኼም አናደደኝ።

የሽማግሌውን ነገር ዘለልኩት። ኅዳር ላይ ነው፣ ገና ጠቡ ትኩስ ሳለ። አንድ ጧት ላቀው ኮቱን ለበሰና «ሽማግሌ ልልክ ነው» አለኝ። እልል ልል ምንም አልቀረኝ። «ተባረክ! ዓይናዲስ ጋ ነዋ?» አልኩት።

«ምነው እሷ ጋ?» አለ። «ፊልም ሠሪው ጋ ነው እንጂ። ምዕራፉን ይመልስ።»

ኧረ የጉድ አገር! ሽማግሌ የሚላከው ለትዳር ነው፣ ለደም ነው፣ ለድንበር ነው። ለፊልም ሽማግሌ የላከ ሰው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? «ለገዛ ልጅህ ሳትልክ ለካሜራ ትልካለህ?» ብዬ ጮህኩ። ጎረቤት ሰማ። እሱ አልሰማም።

ሦስት ሰዎች ላከ። አንዱ የእኛው አያ ኃይለ ጊዮርጊስ ናቸው፤ በወገራ ጠብ ባለበት ሁሉ የሚጠሩ። ሁለተኛው የንስሐ አባታችን። ሦስተኛው የጎንደሩ ጨርቅ ነጋዴ ሐጂ ዐብዱረሕማን፤ እሳቸውም መጽሐፉን እንደ ላቀው የሚወዱ፣ ሱቃቸው ውስጥ ጣቃ ጨርቅ ላይ ተደግፈው የሚያነቡ። ሦስቱም ሸጋ ሸጋ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው ማራኪ ፊልም ሠሪው ቤት ወረዱ።

በኋላ ሐጂ እየሳቁ እንደነገሩኝ፣ በሩን የከፈተላቸው ራሱ ፊልም ሠሪው ነው፤ እንዳልካቸው የሚባል ወጣት። ሦስት ሽማግሌ በሩ ላይ ቆመው ሲያይ ደነገጠ። ግቡ አላቸው፣ ገቡ። ተቀመጡ አላቸው፣ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉት። ልጁ ላብ በላብ ሆነ። ያች ያጫትና ዛሬ ነገ የሚላት ልጅ ቤተሰብ የላካቸው መስሎት «አባቶቼ፣ እኔ እኮ ላገባት ነው፣ አልካድኩም…» ብሎ መቀባጠር ሲጀምር፣ አያ ኃይለ ጊዮርጊስ ከዘራቸውን መሬት ላይ ተክለው «ልጄ፣ እኛ የመጣነው ስለ ድንጋይ ነው» አሉት።

ሐጂ እዚች ላይ ያቆሙታል። ከዚያስ ስላቸው፣ «ከዚያማ ተሰማን» ብቻ።

ለላቀውም ያሉት ይችኑ ነው። «ሰምተውናል።» «ሰምተው ምን አሉ?» «ሰምተውናል አልንህ እኮ!» ሌላ ቃል ከአፋቸው አልወጣም። ላቀው እንቢ ተብለው አፍረው ነው ብሎ ደመደመ። እነሱንም አኮረፈ። ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ አያ ኃይለ ጊዮርጊስን ላለማግኘት በላይኛው መንገድ ይዞር ጀመር። የንስሐ አባቱን እንኳ! እኔ መሃል ቆሜ ተቃጠልኩ፤ ማንን ልለምን፣ ማንን ልቆጣ?

ሰኔ ላይ ፊልሙ አለቀ። ዓይናዲስ ደወለችልኝ። «እማዬ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ጎንደር ይታያል። አባዬን አምጪልኝ። እሱ ካልመጣ እኔም አዳራሹ ውስጥ አልገባም። ከእንግዲህም አምባ ጊዮርጊስን አልረግጥም፤ የማን ቤት ብዬ እመጣለሁ?» ድምፅዋ የቀልድ አልነበረም።

ዞርኩና ላቀውን «ስማ» አልኩት። «ቅዳሜ ካልሄድክ እኔ ልብሴን ጠቅልዬ ልጄ ጋ እገባለሁ። አንተ ከብርዛፍህ ጋር ኑር። እንጀራ ትጋግርልህ!»

 «እሄዳለሁ» አለ። «ስህተቱን ልቆጥርላቸው።»

ያን ቅዳሜ ያየሁትን መከራ አትጠይቁኝ። ሦስቱን ቅጽ ዝናብ እንዳይነካቸው በፌስታል ጠቅልሎ ታቀፈ፤ ደብተርና ቀይ እስክሪብቶ ያዘ። ሚኒባሱ ካልሞላሁ አልሄድም ብሎ አንድ ሰዓት ገተረን። ጎንደር ስንገባ ዝናቡ ወረደብን። ስምንት ሰዓት የተባለው ፊልም ዘጠኝም አልጀመረ፤ መብራት ጠፋ፣ ጄኔሬተር አስነሡ፣ ጄኔሬተሩም ሁለቴ ጠፋ። ዓይናዲስ ከመድረኩ ጥግ ቆማ አየችን። ላቀው አላያትም፤ ማለቴ እያየ አላያትም። እጄን አውለበለብኩላት፤ ሌላ ምን አደርጋለሁ።

ተጀመረ። ላቀው ደብተሩን ገለጠ። «በቅሎዋ ግራጫ ናት፤ ይኼ ምንድነው?» ጻፈ። «ክረምት ነበር፤ ይኼ በጋ ነው።» ጻፈ። የፊተኛው ወንበር ሰውዬ ዞሮ «አባቴ፣ እባክዎ» አለው። «ዝም በል፣ መጽሐፉን ሳታነብ!» አለው። መሬት ብትከፈት በገባሁ።

ከዚያ ብርዛፍ ገባች። አንዲት ቀጭን፣ የማላውቃት ልጅ ናት። ቁልቁለቱን በቅሎዋን እየሳበች ስትወርድ፣ አንድ እግሯን ትንሽ እየጎተተች፣ ነፋሱን እየተሳደበች። የላቀው እስክሪብቶ ቆመ።

«እሷ ናት» አለ።

«ማን?»

«እሷ ናት እኮ! ይመኙሽ፣ ብርዛፍ ናት! ራሷ ናት!» ጉልበቴን በእጁ ጨምቆ ያዘኝ። ከዚያ በኋላ ደብተሩ መቼ ከጭኑ እንደወደቀ አላየሁም። ነጋዴዎቹ ሲቀላለዱ ቀልዱ ሳይነገር ቀድሞ ይስቃል። ሲነጋገሩ ከንፈሩ አብሮ ይንቀሳቀሳል። ጠብ ሊነሣ ሲል «አሁን እይ፣ አሁን እይ!» ይለኛል። ስምንት ወር ጥርሱን አላየሁትም ነበር። ደስ አለኝ፤ ደስ ስላለኝም ተናደድኩ። ይኼን ለማየት ነው ልጄ ዓመቱን ሙሉ ያለቀሰችው?

ብርዛፍ ወደ አገሯ መመለስ ስትጀምር ግን ፊቱ ጠቆረ። መጻሕፍቱን ሰበሰበ። «አሁን ይዘሉታል። ተነሽ፣ ሳላይ እንሂድ» አለኝ። ኮቱን ጎትቼ አስቀመጥኩት።

አልዘለሉትም። የአባትየው ቤት መጣ፤ ሣር ክዳን፣ የድንጋይ አጥር። በሩ ላይ ሦስት ሽማግሌዎች ቆመዋል። መሃለኛው ከዘራውን መሬት ላይ ተክሎ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አለ። አያ ኃይለ ጊዮርጊስ! የገዛ ጋቢያቸውን እንደለበሱ! በስተቀኝ ሐጂ ዐብዱረሕማን፣ በስተግራ የንስሐ አባታችን። አዳራሹ ውስጥ ያለ የወገራ ሰው ሁሉ በሣቅና በጭብጨባ አቀለጠው። ላቀው አፉን ከፍቶ ቀረ።

ሽማግሌዎቹ አባትየውን ለመኑት። መጽሐፉ ላይ ሽማግሌ የሚባል የለም። ለካ ማራኪ የሄዱ ቀን ዓይናዲስ ለሥራ መጥታ እዚያው ጓዳ ሆና ስትሰማ ነበር። ምዕራፉን መልሳ የጻፈችው እሷ፣ ሽማግሌዎቹን ራሳቸውን እናስገባ ያለው እንዳልካቸው፣ እስኪያልቅ ለላቀው ትንፍሽ እንዳይሉ ያስማለቻቸው ደግሞ እሷው ናት።

ብርዛፍ ከአጥሩ ውጭ ቆማለች። ድንጋይ አልተሸከመችም። ባዶ እጇን ናት። አባትየው ከቤት ወጣ፣ እሷን አያት፣ ጎንበስ አለና ከአጥሩ ላይ ትልቁን ድንጋይ አነሣ። በራሱ አንገት ላይ አደረገው። ያ ሽበታም አባት ድንጋይ ተሸክሞ ልጁ ፊት ቆመ።

  መጽሐፉን ገለበጡበት! አሁን ይነሣል፣ አሁን ይጮሃል፣ አሁን ያዋርደናል ብዬ እጁን ጥርቅም አድርጌ ያዝኩ። ላቀው ሦስተኛውን ቅጽ እቅፉ ውስጥ ይዟል፤ አልገለጠውም።

«መጽሐፉ እንዲህ አይልም» አለ፣ በሹክሹክታ።

«አውቃለሁ፣ በማርያም ዝም በል።»

«ማለት ነበረበት» አለ። መነጽሩን አወለቀ።

ስንወጣ ዝናቡ ቆሟል። ሰው ዓይናዲስን ከቦ እንኳን ደስ አለሽ ይላታል። ላቀው ሲጠጋት መንገድ ለቀቁለት። ልጄ ፈራች፤ ሊጮህባት መስሏት ትከሻዋን ሰበሰበች።

«ድንጋዩን ለምን አባትየውን አሸከምሽው?» አላት። በስምንት ወር የመጀመሪያ ቃሉ ይኼ ነው። «መጽሐፉ ላይ የምትሸከመው እሷ ናት እኮ።»

«አውቃለሁ፣ አባዬ» አለች። «እኔ ለፋሲካ መጥቼ ነበር። በርህ ላይ ዋልኩ። አንተ የወጣኸው በጓሮ ነው።»

 መንገዱ እየተሠራ ነው፤ ዳር ላይ የንጣፍ ድንጋይ ተቆልሏል። ላቀው መጻሕፍቱን ለኔ አሸከመኝና ሄዶ አንዱን አነሣ። ያ ስልሳ ዓመት የሞላው፣ ወገቡን የሚያመው ሰው፣ ጭቃ የነካውን ድንጋይ በሰርግ ኮቱ ላይ፣ አንገቱ ላይ አደረገው። ልጁ ፊት ቆመ።

«አባዬ! ኧረ ሰው ያያል! አውርደው!» አለች።

«አላወርድም።»

 እንባዋ አገጯ ላይ ይንጠባጠባል፣ አፏን ትከፍታለች፣ ቃል አይወጣም። እሱን ድንጋዩ እያጎበጠው ነው። ፊልሙን ሊያዩ የመጡት ሦስቱ ሽማግሌዎች ቆመው ያያሉ፤ አንዳቸውም አልገቡበትም። እኔ ግን አልቻልኩም።

«በይ እንጂ፣ አንቺ ልጅ! ወገቡ ነው እኮ!»

«ይቅር ለእግዚአብሔር» አለች። በሁለት እጇ ድንጋዩን ከአንገቱ አነሣችለት።

እኔ መንገድ መሃል ሦስት ቅጽ መጽሐፍ ታቅፌ ተንሰቀሰቅሁ። ደስታ ነው ይሉኛል። ደስታ አይደለም፣ ንዴት ነው። ስምንት ወር! ለዚች ደቂቃ ለማይሞላ ነገር ስምንት ወር!