ፀሐይ ቀፎው ላይ ሳትደርስ

እኔ የጎጃም ልጅ ነኝ። እኛ ዘንድ የዱባ ፍሬ በመስኮት ቢወረውሩት ይበቅላል። ለሥራ ተመድቤ ሰቆጣ ስመጣ ያንን ትዕቢት ጠቅልዬ ይዤው መጣሁ። የመጀመሪያውን ቲማቲም በትኩስ የዶሮ ኩስ አቃጠልኩት። ቀጥዬ የተከልኩትን ሰላጣ ደግሞ በስንት መከራ በጀሪካን ያስመጣሁትን ውሃ እኩለ ቀን ላይ እየደፋሁበት ቀቀልኩት። አከራዬ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌ፣ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ያዩኝና "የጎጃሟ፣ ዛሬስ ምኑን ልትቀብሪው ነው?" ይሉኛል። እስቃለሁ፤ ውስጥ ውስጡን ግን ደሜ ይፈላል።

በሦስተኛው ሙከራ ጎመኑ ያዘልኝ። ዘር ልይዝበት ብዬ ሳልቀነጥሰው ተውኩትና አበበ። ዱባውም የእሾህ አጥሩን እየያዘ ሽቅብ ወጣ። ፋሲካ ያለፈበት ሰሞን ነበር። ዙሪያው ተራራ ሁሉ ደርቆ አመድ መስሏል፤ በሰፈሩ ቢጫ ነገር የሚታየው የእኔ መደብ ላይ ብቻ ነው። ሽማግሌው በጣም ደስ አላቸው። ደስታቸው ግን ስለ እኔ ሳይሆን ስለ ንቦቻቸው ነው።

ግድግዳቸው ላይ ከተሰቀሉት ቀፎዎች ንብ ያለበት አንዱ ብቻ ነው። በድርቁ ጊዜ ንቡ እየኮበለለ ሌሎቹ ባዶ ቀሩባቸው። ባለፈው ክረምት ማብቂያ ላይ ግን አንድ መንጋ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ መጥቶ አንደኛው ቀፎ ውስጥ ገባ። "ሳልጠራው የመጣ ሲሳይ ነው፤ ከሱ ሌሎቹን አራባለሁ" ይላሉ። ይኸኛው ከሄደባቸው እንደገና ንብ የሚይዙበት ጉልበትም ዕድሜም እንደሌላቸው በራሳቸው አፍ ነግረውኛል።

ከዚያ ክሽክሽ መጣ። ግራጫ፣ እንደ ጤፍ የደቀቀ ተባይ ነው፤ የጎመኑን አናት ወረሰው። ሽማግሌው አመድ ነስንሺበት አሉኝ። ነሰነስኩ፤ አልለቀቀም። እኔም ከባልደረባዬ መርጫ ተውሼ፣ ከሱቅ መድኃኒት ገዝቼ፣ አመሻሽ ላይ እሳቸው ቤተ ክርስቲያን ሳሉ ጎመኑንም ዱባውንም በመድኃኒት አጠብኩት። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይኸው ነው። ባለሱቁ ሳምንት ሳይሞላው እንዳልበላው አስጠንቅቆኛል። ስለ ንብ እሱም አልነገረኝ፣ እኔም አልጠየቅሁት።

በማግስቱ ገና ጎህ ሲቀድ ጓሮ ስወጣ ክሽክሹ ረግፏል። ሽማግሌው ጋቢያቸውን ተከናንበው ብቅ አሉ።

"ምንድነው እንዲህ የሚሸተኝ?"

"ጨረስኩት አባቴ! ማታ መድኃኒት ረጨሁበት።" ጠላት የደመሰስኩ ያህል ነበር የተናገርኩት።

"አበባው ላይ?"

"ሁሉም ላይ።"

ጋቢያቸው ከትከሻቸው ወደቀ። አላነሱትም፤ እየተደናቀፉ ወደ ቀፎው ሄዱ። ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝና ክው አልኩ። ስረጭ ንቦቹ ገብተው ነበር፤ እስካሁንም አልወጡም። ፀሐይ ቀፎውን ስትነካው ግን ይወጣሉ። ሲወጡ ደግሞ ከእኔ ጎመን ሌላ የሚሄዱበት አበባ የለም።

ሽማግሌው አሮጌ ጨርቅ ውሃ ውስጥ ነክረው የቀፎውን አፍ ወተፉት።

"እንደተዘጋ ይዋል አባቴ?"

"ሲሞቀው ታፍነው ያልቃሉ። አውርጄ ወዲያ እንዳልወስደው የማሩ እንጀራ ይናድባቸዋል።" ከዚያ በአገራቸው ቋንቋ በኽምጠኛ አንድ ነገር አሉ። አልገባኝም፤ የተናገሩትም ለእኔ አልነበረም።

ቀና ብዬ አየሁ። ፀሐይዋ የግድግዳውን ጫፍ ይዛለች፤ ቁልቁል ወደ ቀፎው እየወረደች ነው።

አበባ አበባውን መልቀም ጀመርኩ። የማይሆን ነገር ነው፤ ስነካው ይረግፋል፣ የረገፈውም መርዝ ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። "ከነሥሩ ይነቀል!" ብዬ ብቻዬን ጮህኩ። እጄ ላይ ፌስታል አስሬ ጎመኑን እየመነገልኩ ለቆሻሻ የተቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ እከተው ጀመር። በንዴት እንባዬ ይወርዳል። በማን እንደተናደድኩ እንጃ፤ በባለሱቁ፣ በክሽክሹ፣ ከሁሉ በላይ በራሴ። ከእንቅልፌ እየተነሳሁ ያጠጣሁት ጎመን በደቂቃዎች ውስጥ አፈር ተመለሰበት።

"ድምፃቸው ተለወጠ" አሉ ሽማግሌው። ጆሯቸውን ቀፎው ላይ ለጥፈዋል። "ፍጠኚ ልጄ!"

ዱባው ቀረኝ። ሐረጉን ስስበው ጫፉ ከእሾሁ ጋር ተጠላልፎ ተበጠሰና አንድ አበባ አጥሩ አናት ላይ ቀረ፤ ገና ያኔ የፈካ፣ አፉን የከፈተ አበባ። ድንጋይ ላይ ቆሜ ተንጠራራሁ፤ አልደርስበት አልኩ። ፀሐይዋ ቀፎው ላይ አርፋለች።

"ልከፍተው ነው! እየታፈኑ ነው!"

"አንዴ ይጠብቁኝ!" እሾሁን በክንዴ አቅፌ አጥሩ ላይ ወጣሁ። አበባውን ጨምድጄ ስወርድ ቀሚሴም ቆዳዬም ተቀዷል።

"ይክፈቱት!"

ንቦቹ ተግተልትለው ወጡ። ባዶው መደብ ላይ ደርሰው ትናንት አበባ የነበረበትን ቦታ ዞሩት፣ ዞሩት። የሚያርፉበት አጡ። ጥቂት ቆይተው ባዷቸውን ወደ ቀፏቸው መመለስ ጀመሩ።

"ተረፉ አባቴ!" አልኩ። እንዲመርቁኝ ነበር የጠበቅሁት።

"ከመርዙስ ተረፉ።" ቀና ብለው የደረቀውን ተራራ አዩ። "አሁን ምን ይብሉ?"

ሽማግሌው ቤት ገብተው ጣሳቸውን ይዘው ወጡ። ጣሳው ውስጥ የገብስ በሶ ነው፤ ጠዋት ጠዋት በውሃ በጥብጠው የሚጠጡት። ዱቄቱን እስከ መጨረሻው ሰፌድ ላይ ገልብጠው ከቀፎው ሥር አኖሩት። እኔም ሮጬ የሻይ ስኳሬን አመጣሁና በውሃ አሟሟሁት፤ ንቦቹ እንዳይሰምጡም ጭድ ጣል ጣል አደረግሁበት። ቆየት ብሎ አንዷ መጥታ ሰፌዱ ላይ አረፈች። ዱቄት ለብሳ ተመለሰች። ከዚያ ሌላዋ መጣች።

ሽማግሌው ጋቢያቸውን ከመሬት አንስተው አራገፉና ደጃፋቸው ላይ ተቀመጡ። ባዶውን ጣሳ ጭናቸው ላይ አድርገውታል።

"እርስዎስ አባቴ? ቁርስዎ እኮ ነው።"

"የእኔን ተይው። የጎጃሟ፣ የጎመን ዘር ተርፎሻል?"

"ትንሽ አለኝ።"

"መርዝ ያልነካው ወዲያኛው ጥግ ላይ ዛሬውኑ ዝሪው። በሶዬ ብዙ አያቆያቸውም።"

ክንዴ እየደማ ዶማውን አነሳሁ።