ትንሽ ይቀረዋል

ሽማግሌው «ስኪ» ብለው አያውቁም። «እስኪ» ነበር የሚሉት። ስኖውሞቢል የሚባለው የበረዶ ላይ ሞተር ከፊት የሚንሸራተትባቸውን፣ መሪው ሲዞር አብረው የሚዞሩትን ሁለት ረጃጅም እግሮች ማለታቸው ነው። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን «የቀኙን እስኪ አምጣ» ሲሉኝ የቀኙን ምን እንደሚሉ እየጠበቅሁ እቆም ነበር። ሌላም እስኪ ነበራቸው። ሥራው ካለቀ በኋላ ጎንበስ ይሉና ስኪውን በሁለት እጃቸው ይዘው እየወዘወዙ፣ ለራሳቸው ብቻ በሚመስል ድምፅ «እስኪ…» ይላሉ። ይኼኛው ሁላችንም የምንለው ነው፤ እስኪ ልየው የሚባለው። ከሞቱ ወዲህ ይኸው ሦስተኛው በረዶ ወረደ። ዛሬም ቡሎን ባጠበቅሁ ቁጥር ያን ድምፅ ከጀርባዬ እሰማዋለሁ። ዞር ስል ማንም የለም።

ጋራዡ ቡርንስቪል የሚባል ከተማ ውስጥ ነው፤ ሁለት መኪና ብቻ የሚያስገባ፣ ማሞቂያው ቀን ሙሉ የሚያንኳኳ ቤት። እሳቸው አሥመራ ተወልደው፣ በአማርኛ ተምረው፣ ዕድሜያቸውን የጭነት መኪና ሲፈቱና ሲገጥሙ የጨረሱ ሰው ነበሩ። ባለቤታቸው የአዲስ አበባ ልጅ ስለሆኑ የቤታቸውም ቋንቋ አማርኛ ነበር። እዚህ አገር ከመጡ በኋላ የበረዶ ላይ ዓሣ ማጥመድ ለከፋቸው። ሌላው አበሻ ብርድ ልብሱ ውስጥ ሲሸሸግ እሳቸው በረዶ የሠራ ሐይቅ በስተው ባልዲ ላይ ይቀመጣሉ። ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ «ውኃ ላይ የሚሄዱት መጡ» እየተባለ ይቀለድባቸው ነበር። እኔ ደግሞ ታክሲ እየነዳሁ ኖሬ፣ አንድ ቀን መኪናዬን ላሠራ ገብቼ በዚያው የቀረሁ ሰው ነኝ። ግልፍተኛ ነኝ። ከግልፍተኝነቴ የሚብሰው ግን ኩርፊያዬ ነው፤ ካኮረፍኩ ቀን ሙሉ አፌን አልከፍትም። ይህን ጠባዬን በደንብ የሚያውቁት እሳቸውና የቀድሞ ባለቤቴ ነበሩ።

የሌላ ፋብሪካ ስኪ መግጠም የሰው ጫማ እንደ መዋስ ነው ይሉ ነበር። ቁጥሩ ልክ ቢሆንም አንድ ቦታ ይሰፋል፣ አንድ ቦታ ይጠባል። የሰፋው በሮንዴላ፣ በቀጭን የብረት ቀለበት፣ ይሞላል፤ በመሃል የሚገባው ጎማ ይስተካከላል፤ ቡሎኑ በልኩ ይጠብቃል፤ በመጨረሻም ዳዶው እንዳይፈታ ቀጭን ሽቦ ይቆለፍበታል። ከስኪው ሥር ደግሞ በረዶውን ቆንጥጦ የሚይዝ ብረት አለ። እሱ ከተበላ መሪውን ብታዞረውም ማሽኑ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ስለዚህ ብረቱ በየጊዜው ይታያል፣ ይለካል። ያየነውን በነጭ ፕላስተር ላይ በአማርኛ እየጻፍን ማሽኑ ላይ እንለጥፋለን። ከሦስት ዓይነት ጽሑፍ አልፈን አናውቅም፦ «ደህና ነው»፣ «ትንሽ ይቀረዋል»፣ «አልቋል»። ትንሽ ይቀረዋል ማለት ብረቱ ጨርሶ አልተበላም፣ ለጥቂት ጊዜ ያስኬዳል ማለት ነው።

አብረን በዋልንበት የመጨረሻ ቀን የምንሠራው የራሳቸውን ማሽን ነበር። አዲስ ሰፋፊ ስኪዎች ገዝተዋል፤ የሥር ብረቶቹን ግን ከአሮጌዎቹ ፈትተን እንድናዛውር ፈለጉ።

«አልቋል» አልኳቸው።

«አላለቀም። እስኪ ለካው።»

ለካሁት። «አልቋል፣ ጋሼ።»

«እስኪ እንደገና።»

ሦስተኛው ላይ መለኪያውን ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩት። «ካላመኑኝ ለምን ያስለኩኛል?» ብዬ ጮህኩ።

ሳቁ። «አንተ ልጅ፣ ከብረቱ በፊት አንተ ልታልቅ ነው» አሉኝ። ስድቡ ሳይሆን ሳቁ አናደደኝ። ብረቶቹን እንዳሉት አዛወርኩ፤ ከዚያ በኋላ ግን አንድ ቃል አልተነፈስኩም።

ከሰዓት በኋላ የደንበኛ ማሽን ሊያደርሱ ሆፕኪንስ ወደሚባለው ጎረቤት ከተማ ሄዱ። ቡሎን በልኩ የምናጠብቅበት ቁልፍ መኪናቸው ውስጥ እንዳለ አብሯቸው ሄደ። የግራው ስኪ ተገጥሞ፣ ጠብቆ አልቋል። የቀኙን ቡሎን አስገብቼ ዳዶውን በእጄ ብቻ አዞርኩት። ከዚያ በላይ ያለ ቁልፉ አይቻልም። እስኪመለሱ መጠበቅ ነበረብኝ፤ ቢበዛ ግማሽ ሰዓት ነው። መደወልም እችል ነበር። ግን መጀመሪያ የተናገረ የተሸነፈ መሰለኝ። ፕላስተር ቀድጄ «ትንሽ ይቀረዋል» ብዬ ጻፍኩ፣ ማሽኑ ላይ ለጥፌ ወጣሁ። ሥራው ትንሽ ይቀረዋል፣ ያጥብቁት ማለቴ ነበር። የቀኙ ዳዶ አልጠበቀም ብዬ ብጽፍ ምን ነበረበት? አኩርፌ ስለነበር ቃል ቆጠብኩ።

በማግስቱ ጠዋት ማሽኑን ጭነው ብቻቸውን ወደ ሐይቃቸው ሄዱ። ዳርቻው ጋ የቀኙ ስኪ ወለቀ። ማሽኑ ተገልብጦ እላያቸው ላይ ወደቀ። ፖሊሶቹ በፍጥነት ነድተው ነው አሉ። እሳቸው ብስክሌት የማይቀድሙ ሰው ነበሩ። እኔ ምን እንደሆነ አውቄያለሁ። ለቅሶ ቤት ሦስት ቀን ስቀመጥም አውቅ ነበር፤ ባለቤታቸው «እንደ ልጁ ነበር የሚያይህ» እያሉ አንገቴን አቅፈው ሲያለቅሱም አውቅ ነበር። ፈራሁና ዝም አልኩ።

ከዚያ ወዲህ ዳዶ አጥብቄ፣ ሽቦውን ቆልፌ፣ ፎቶ አንስቼ፣ ሲዋርድ ሰፈር ያለው ቤቴ ከደረስኩ በኋላ እንደገና ላየው የተመለስኩባቸው ቀናት አሉ። ደንበኞች መጀመሪያ እንደነዱ ቡሎኑን እንዲያሳዩኝ ደውዬ እለምናቸዋለሁ። ጠንቃቃ ነው ይሉኛል። ጥንቃቄ አይደለም። አንዳንዴ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ስኪ ማንም ሳይነካው ሲወዛወዝ አያለሁ። የማሞቂያው ንፋስ ነው። ንፋስ መሆኑን እያወቅሁም ሄጄ በእጄ ይዤ አቆመዋለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ረፋድ ላይ ልጃቸው መጣች። እዚሁ ተወልዳ ያደገች ነርስ ናት። ከመኪናዋ ኋላ ተጎታች አለ፤ ተጎታቹ ላይ የአባቷ ማሽን። ከዚያ ቀን ወዲህ አይቼው አላውቅም።

«ጋሼ፣ አዲስ ስኪ ኦርደር አድርጌ ነበር፤ መጣ። ትገጥምልኛለህ?» አለችኝ። «አባዬ ፊሺንግ የሚሄድበት ቦታ ድራይቭ ማድረግ እፈልጋለሁ።»

ጎንበስ ብዬ የቀኙ ስኪ ቡሎን የሚገባበትን ቀዳዳ አየሁ። ባዶ ነው። ጣቴን አስገባሁበት። ጠርዙ አልተቀደደም፣ አልተሰነጠቀም፤ ቡሎኑ በገዛ እጁ ወጥቶ ሄዷል። ምናልባት ተሰብሮ ይሆናል እያልኩ ነበር ይህን ሁሉ ጊዜ ራሴን ሳባብል የኖርኩት።

እምቢ ማለት አልቻልኩም። እሷ ባልዲ ገልብጣ ተቀምጣ እያየችኝ የግራውን ገጠምኩ። የቀኙን ልጀምር ስል ከቦርሳዋ ትንሽ የላስቲክ ከረጢት አወጣች። ውስጡ ነጭ ፕላስተር አለ። ፊደሉን ከሩቅ አወቅሁት፤ የራሴ የእጅ ጽሑፍ ነው።

«ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ነበር» አለች። «አማርኛ ሪድ ማድረግ አልችልም። ያን ቀን ጠዋት ኪችን ውስጥ አሳይቶኝ ነበር፤ ሂ ዋዝ ሶ ሃፒ። ‹ታረቀኝ› አለኝ። እዚህ ላይ የጻፍከው እሱ ነው? ታረቀኝ ነው የሚለው?»

እጄ ላይ ያለውን ቁልፍ መሬት አስቀመጥኩ። ጽሑፉን እንደ ወትሮው ስለ ብረቱ ነው ያነበቡት፤ ገና ነው፣ ልክ ነዎት ብዬ እጄን የሰጠሁ መስሏቸዋል። ስኪውን ወዝውዘው እስኪ ያላሉትም ለዚህ ይሆናል። ከኩርፊያ የተመለሰን ሰው ሥራ ቁልፍ ይዘው መፈተሽ አልፈለጉም። ፕላስተሩን ሳይጥሉ ኪሳቸው ከተቱት፤ ሲሞቱም አብሯቸው ነበር።

አዎ ብላት ነገሩ እዚያው ያልቃል። እሷም ደስ ብሏት ትሄዳለች፤ እኔም ጸጥ ብዬ እኖራለሁ። ፕላስተሩን ተቀብዬ አየሁት። ጠርዙ ተልጧል፣ ጽሑፉ ግን እንዳለ ነው።

«አይደለም፣ የኔ ልጅ» አልኳት። «‹ትንሽ ይቀረዋል› ነው የሚለው።»

አልገባትም። ወደ ማሽኑ ወስጄ ባዶውን ቀዳዳ አሳየኋት። ዳዶውን በእጄ ብቻ እንዳዞርኩት፣ ምን ማለቴ እንደነበር፣ እሳቸው ምን ብለው እንዳነበቡት፣ አንድ በአንድ ነገርኳት። እሷም ጣቷን ቀዳዳው ውስጥ አስገብታ ጠርዙን ዳሰሰች።

«ለምን አልነገርከንም?»

«ፈርቼ።»

አላለቀሰችም፤ አልጮኸችም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። መሬት ያስቀመጥኩትን ቁልፍ አንስታ በሁለት እጇ ያዘችው።

«ግን ታርቀኸው ነበር?» አለች። «ያን ቀን። ታርቀኸው ነበር፣ ጋሼ?»

ማሞቂያው ያንኳኳል። ከጀርባዬ ማንም እስኪ አላለም።

«ትንሽ ይቀረኝ ነበር» አልኳት።