ከስልሳ ሰው ስልሳ አንድ እጅ

ይህ የሆነው ሥራ በጀመርኩ በአምስተኛው ወር ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ስብሰባ ተቀምጬ ጽፌአለሁ፤ አብዛኛው ከአዳራሹ ስወጣ ከጭንቅላቴም ይወጣል። የዚያን ቀኑ ግን ብርዱና የሰዎቹ ፊት ሳይቀር እስካሁን ይታየኛል። አፍሬበታለሁ፣ ኮርቼበታለሁም። የትኛው እንደሚበልጥ አንብባችሁ ፍረዱ።

እኔ የመካነ ሰላም ልጅ ነኝ። ከዩኒቨርሲቲ ተመርቄ ሁለት ዓመት ሙሉ ቤት ቁጭ ብያለሁ። የሥራ ማስታወቂያ በተለጠፈበት ሁሉ እየሮጥኩ፣ እየተፈተንኩ፣ ተጠባባቂ እየተባልኩ ቆይቼ በመጨረሻ በአካባቢያችን ባለ አንድ ደጋ ወረዳ የምክር ቤት ጽሕፈት ቤት ተቀጠርኩ። የወረዳውን ስም ልተወው። ሥራዬ ቃለ ጉባኤ መያዝና ድምፅ ሲሰጥ እጅ መቁጠር ነው።

ስድስት ወር የሙከራ ጊዜ ነበረኝ። እሱ ሲያልቅ አፈ ጉባኤው በሚሞሉት ፎርም ወይ ቋሚ እሆናለሁ፣ ወይ ሻንጣዬን ይዤ ወደ እናቴ ቤት እመለሳለሁ። እናቴ ደግሞ ለጎረቤቱ ሁሉ «ልጄ ምክር ቤት ገባች» ብላ አውርታለች። አንዳንዱ ሰው የተመረጥኩ መስሎት ቅዳሜ ቅዳሜ ለእረፍት ስመጣ መንገድ ላይ አስቁሞ ስለ ውኃና ስለ መብራት አቤት ይለኝ ነበር። ያንን ሁሉ ሰው አሳፍሬ መመለስ እንዴት እንደሚጨንቅ የደረሰበት ያውቀዋል።

የምክር ቤት ጉባኤ ከውጭ ሲያዩት ትልቅ ነገር ይመስላል እንጂ ውሎው ሁልጊዜም ያው ነው። ጠዋት ሽማግሌ ይመርቃል። አጀንዳ ይጸድቃል፣ ያለፈው ቃለ ጉባኤ ይነበባል፣ ሪፖርት ይቀርባል፣ ጥያቄ ይጠየቃል። ከዚያ አፈ ጉባኤው «የምትደግፉ?» ሲሉ አዳራሹ በሙሉ እጁን ያወጣል፤ እኔም «በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» ብዬ እጽፋለሁ። እውነቱን ለመናገር እስከዚያን ቀን ድረስ እጅ ቆጥሬ አላውቅም። ሁሉም ካወጣ ምኑ ይቆጠራል?

የዚያን ቀን ሦስተኛው አጀንዳ ግን አምቡላንስ ነበር። ለወረዳው አዲስ አምቡላንስ መጥቶ የት ይቁም የሚለውን ምክር ቤቱ እንዲወስን ቀረበ። ግማሹ ሰው ሹፌሩም፣ ነዳጁም፣ መካኒኩም ያለው ከተማ ስለሆነ ከተማው ላይ ይቁም አለ። ግማሹ ደግሞ በቆላው አፋፍ ላይ ያለው ጤና ጣቢያ ይቁም አለ። መኪናው ከከተማ ተጠርቶ እስኪደርስ አንድ ጉዞ ነው፣ በሽተኛ ይዞ እስኪመለስ ሌላ ጉዞ ነው፤ እዚያው ቢቆም ግን የመጀመሪያው ጉዞ ይቀራል።

ለጤና ጣቢያው አጥብቀው የተከራከሩት ቄስ መንግሥቴ ነበሩ። ቄስ ይሁኑ እንጂ እንደ ሌላው ሰው እያረሱ የሚኖሩ፣ ቀበሌያቸው የመረጣቸው ሰው ናቸው፤ አገራቸውም እዚያው አፋፉ ላይ ነው። ባለፈው ክረምት የወንድማቸው ልጅ ምጥ ጠንቶባት በቃሬዛ ጤና ጣቢያው ድረስ እንደመጣች፣ ከከተማ የሚመጣውን መኪና ስትጠብቅ እዚያው እንዳለፈች ተናገሩ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም።

«መኪናውስ መጥቶ ነበር፤ የደረሰው ግን ለሬሳ ነው» ብለው ተቀመጡ።

ከጎናቸው የነበሩት ሸህ ሁሴን ደግሞ ከተማው አጠገብ ካለ ቀበሌ የተመረጡ ናቸው። እሳቸው ከተማው ላይ ይቁም ባይ ነበሩ። መኪና ያለ መካኒክ ገጠር ከቆመ በወሩ የዶሮ ማደሪያ ይሆናል አሉ፤ ሰው ሳቀ። እነዚህ ሁለት ሽማግሌዎች በሐሳብ ቢለያዩም በወንበር ተለያይተው አያውቁም። የቄስ መንግሥቴ ቤት የአንድ ቀን መንገድ ስለሆነ ለጉባኤ ሲመጡ የሚያድሩት ሸህ ሁሴን ቤት ነው። የሸሁ ባለቤት የቄሱን ጾም ከራሳቸው ከቄሱ እኩል ያውቁታል ይባላል።

ክርክሩ አልበርድ ሲል አፈ ጉባኤው አቶ ሰይድ እጅ ይቆጠር ብለው ወደ እኔ ዞሩ። አቶ ሰይድ ድሮ የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ነበሩ፤ አሁንም ሰውን የሚያዩት የቤት ሥራውን እንዳልሠራ ተማሪ ነው። እኔ በሒሳብ ከክፍሌ አንደኛ እየወጣሁ ያደግኩ ሰው ስለሆንኩ እጅ መቁጠር ያሳስተኛል ብዬ አላሰብኩም።

ሰዉ የተቀመጠው በአሥር አግዳሚ ነው፤ በእያንዳንዱ ላይ ስድስት ስድስት ሰው። ከኋላ ጀምሬ ወደፊት እየሄድኩ የእያንዳንዱን አግዳሚ ለየብቻው ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩ። ከተማው ላይ ይቁም ያሉት ሠላሳ አንድ፣ ጤና ጣቢያው ላይ ይቁም ያሉት ሠላሳ ሆኑ። ድምፀ ተአቅቦ ያደረገ አልነበረም። አቶ ሰይድ በአንድ ድምፅ ብልጫ ከተማው ላይ እንዲቆም ተወስኗል አሉ፤ ተጨበጨበ፤ ሰዉ ለምሳ ወጣ። ቄስ መንግሥቴ ጋቢያቸውን አስተካክለው ተነሡ።

እኔ ቃለ ጉባኤውን ላስተካክል አዳራሹ ውስጥ ቀረሁ። «ከተገኙት ስልሳ አባላት መካከል» ብዬ ጀመርኩና ብዕሬ ቆመ። ሠላሳ አንድና ሠላሳ ሲደመር ስልሳ አንድ ነው። የፊርማውን ወረቀት አውጥቼ ቆጠርኩ፤ ስልሳ። ደግሜ ቆጠርኩ፤ ስልሳ። በዚያ ብርድ ላብ አጠመቀኝ።

ማስታወሻዬን በየአግዳሚው ተመለከትኩ። ዘጠኙ አግዳሚ ልክ ነው። አራተኛው ላይ ግን ከተማ ያሉ አራት፣ ጤና ጣቢያ ያሉ ሦስት ብዬ ጽፌአለሁ። ስድስት ሰው የተቀመጠበት አግዳሚ ሰባት እጅ አውጥቷል። ሸህ ሁሴንና ቄስ መንግሥቴ የተቀመጡበት አግዳሚ ነው።

የቢሮ ባልደረባዬ ታደሰ ሻይ ይዞልኝ ሲመጣ ነገርኩት። አንድ ጊዜ ወረቀቱን፣ አንድ ጊዜ እኔን አየና ሠላሳውን ሃያ ዘጠኝ አድርጊው፣ ማን መልሶ ይቆጥርብሻል አለኝ። ፎርሜ ሊሞላ አንድ ወር ብቻ እንደቀረውም አስታወሰኝ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ለእኔ አስቦ ነው። አልዋሻችሁም፣ ሃያ ዘጠኝን በእርሳስ ጽፌ አየሁት። ሒሳቡ ገጠመ። ከዚያ የተወሰነውን ማንም አይነካውም፣ እኔም ቋሚ እሆናለሁ።

ይህን እያሰብኩ በመስኮት ወደ ውጭ ሳይ ሁለቱ ሽማግሌዎች ምሳ በልተው ሲመለሱ አየኋቸው። ጉሙ ወርዶ ስለነበር ሸህ ሁሴን ኮታቸውን ሊደርቡ ቆሙ። ቀኝ ክንዳቸው ግን አልነሣ አላቸው። ከበቅሎ ወድቀው ትከሻቸው ከተሰበረ ወዲህ ከደረታቸው በላይ አይወጣላቸውም። ቄስ መንግሥቴ መቋሚያቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው የሸሁን ክርን ከሥር ያዙና ወደ ላይ አነሡላቸው፤ እጃቸው በእጅጌው ገባ።

ያን ጊዜ ጠዋት ያየሁት ነገር ሁሉ ገባኝ። ሸህ ሁሴን ቀኝ እጃቸውን ብቻቸውን ማውጣት አይችሉም። በግራ እጃቸው ደግሞ እንኳን ድምፅ ሊሰጡ ሰላምታም አይሰጡ። ስለዚህ ከተማው ላይ ይቁም የምትሉ ሲባል ክርናቸውን ደግፎ ያነሣላቸው አጠገባቸው ያለው ሰው ነው። እኔ ከኋላ ስመጣ ከጋቢው በላይ ሁለት እጅ አየሁ፤ ሁለት ብዬ ጻፍኩ። ቄስ መንግሥቴ ቀጥሎ የራሳቸውን ድምፅ ሲሰጡም መልሼ ቆጠርኳቸው። ትክክለኛው ሠላሳ ለሠላሳ ነበር። ቄሱን በዚያ ጉዳይ ያሸነፋቸው በእኔ አቆጣጠር የገዛ እጃቸው ነው።

በእርሳስ የጻፍኩትን አጥፍቼ ወደ አቶ ሰይድ ሄድኩ። በሹክሹክታ ብነግራቸው በሹክሹክታ ያስተካክሉታል ብዬ ነበር። ጆሯቸውን ሰጥተው እስከመጨረሻው ሰሙኝ።

«ለምን ለእኔ ትነግሪኛለሽ? የወሰንኩት እኔ ነኝ እንዴ? ለወሰነው ንገሪ» አሉና ሰዉ ገብቶ እንደተቀመጠ ማይኩን ሰጡኝ።

እዚያ አዳራሽ ውስጥ ማይክ ይዤ የተናገርኩት ቃለ ጉባኤ ሳነብ ብቻ ነበር። ማይኩ ጮኸ። ጠዋት እጅ የቆጠርኩት እኔ ነኝ፣ አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ቆጥሬአለሁ፣ ትክክለኛው ሠላሳ ለሠላሳ ነው፣ ጥፋቱ የእኔ ነው አልኩ። ከዚያ በላይ ብናገር አለቅስ ነበር።

አዳራሹ ተንጫጫ። አንዱ የተወሰነ ተወስኗል፣ ይህ የልጆች ጨዋታ አይደለም አለ። ሌላው በምሳ ሰዓት ማን አስጠንቷት ነው አለ። ይህኛው ከሁሉ በላይ አመመኝ። ያን ጊዜ ቄስ መንግሥቴ ከአራተኛው አግዳሚ ተነሡ። የሸህ ሁሴንን ክርን ይዤ ያነሣሁት እኔ ነኝ፣ ልጅቱ ያየችው የእኔን እጅ ነው አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «አብሽሪ ልጄ» አሉኝ። ጫጫታው በረደ፤ አቶ ሰይድም ድምፁ ይደገማል አሉ።

አሁን ሁሉም ሰው ያውቃል፤ ነገሩ በአንድ እጅ የተንጠለጠለ ነው። አቶ ሰይድ ሸህ ሁሴን እጅ ማውጣት ስለሚቸግራቸው በቃል ይናገሩ ብለው ነበር። ሸሁ ግን ሌላው በእጁ ሲሰጥ እኔ በአፌ አልሰጥም አሉ። ከተማው ላይ ይቁም የምትሉ ተባለ። ሸህ ሁሴን ወደ ጎናቸው ዞሩ። አዳራሹ በሙሉ አራተኛውን አግዳሚ ያያል። እኔ ቄስ መንግሥቴን አየሁ፤ የወንድማቸው ልጅ ትዝ አለችኝ። እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ቢተውት ማንም አይፈርድባቸውም።

ክርኑን ያዙ። ከጠዋቱም ከፍ አድርገው አነሡት፤ ቆጥሬ እስክጨርስም አላወረዱትም። አጠገባቸው ደርሼ አንድ ብዬ ጻፍኩ። ዓይኔ እንባ ስላዘለ ቀጣዩን አግዳሚ ሁለቴ ቆጠርኩት።

ስጨርስ ከተማ ሃያ ሰባት፣ ጤና ጣቢያ ሠላሳ ሦስት ሆነ። ሦስት ሰው ሐሳቡን ቀይሯል። የየትኛው አግዳሚ ሰዎች እንደሆኑ አውቃለሁ፤ እዚህ ግን አልናገርም። ሸህ ሁሴን ከእነሱ ውስጥ የሉበትም፤ እስከመጨረሻው ከተማው ላይ ይቁም እንዳሉ ነው።

ጉባኤው ሲበተን በር ላይ ቆሜ ጠበቅኳቸው። ቄስ መንግሥቴን እንዴት አስችሎዎት አነሡት ብዬ ጠየቅኳቸው። ጥያቄዬ የገባቸውም አይመስልም።

«እጁ የሳቸው ነው ልጄ። እኔ ክርኑን ነው የያዝኩት» አሉኝ።

ሸህ ሁሴን ሳቁ። «ወላሂ ሰው እያየ ስለሆነ ነው እንዲህ ከፍ ያደረጉኝ። ጠዋትስ ዝቅ አድርገው ነበር የያዙኝ» አሉ። ሁለቱም እየተሳሳቁ ተያይዘው ወደ ሸሁ ቤት ሄዱ።

ከወር በኋላ ፎርሜ ተሞላ። አቶ ሰይድ በደካማ ጎን «ቆጠራ ላይ ትቸኩላለች» ብለው ጽፈዋል። በጠንካራ ጎን «ስትሳሳት ትናገራለች» ይላል። ቋሚ ሆንኩ። እናቴ ሌላውን ሁሉ ትታ ይህቺን ሁለተኛዋን ለጎረቤቱ አነበበች።

አምቡላንሱ አሁንም የሚቆመው አፋፉ ላይ ነው። ሁለት ጊዜ ተበላሽቶ መካኒክ እስኪመጣ ቆሟል፤ ሸህ ሁሴን በየጉባኤው ይህን ሳያነሡ አይቀመጡም። ቄስ መንግሥቴ ግን ከዚያ ወዲህ ስለ ሬሳ ተነሥተው አልተናገሩም።

በቀጣዩ ጉባኤ እንደ ልማዱ ያለፈውን ቃለ ጉባኤ ያነበብኩት እኔው ነኝ። አቶ ሰይድ ስህተቱ ከነስሜ እንዲጻፍ አዘው ስለነበር ስሜን ጠርቼ፣ ድምፅ ስትቆጥር አንድ ሰው ሁለት ጊዜ በመቁጠር ስህተት ፈጽማለች የሚለውን በስልሳ ሰው ፊት አነበብኩ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ቃለ ጉባኤ የሚይዝ ሰው ስሙ ከፊርማው ቦታ በቀር ሌላ የትም አይገባም፤ የእኔ በዚያ ሁሉ መዝገብ መካከል አንድ ጊዜ ብቻ ተጽፏል፣ ያውም ስህተት ከሚለው ቃል አጠገብ። አዲስ ሠራተኛ በመጣ ቁጥር ያንን ገጽ አውጥቼ «ይህቺ እኔ ነኝ» እያልኩ አሳያለሁ።