ምሰሶው ላይ የታሰረችው ላባ

ሞተር ሠሪው ከቅዳሜ ጀምሮ ሆዱ እንደነደደ ነው። ሚስቱ ያቀረበችለትን ቀማምሶ ይነሳል። ጸሎት ሲያደርስ እንኳ መሀል ላይ የአማቹ ፊት ድቅን ይልበትና፣ “ይቅር በለኝ” ብሎ ከመጀመሪያው ይጀምራል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሴት ልጁ አሮጌው የአውሮፕላን ማረፊያ ላይ በሚደረገው እሽቅድምድም የምትነዳት ትንሽ መኪና አለቻት። ከወንበሮቿና ከመሪዋ በቀር ውስጧን አራቁተውት በጣም ስለቀለለች ቤተሰቡ “ላባ” ይላታል። ሞተሯን የሠራው አባት ነው፤ ስንት ምሽት ጥፍሩ ሥር የገባ ግራሶ ሳይለቅ አድሯል። ካምቢዮው ደግሞ የአማቹ፣ የሚስቱ ወንድም፣ ሥራ ነው። ጋራዡን እኩል ይጋሩታል፤ ወገበ ሰፊ፣ አፉም ከወገቡ የማያንስ ሰው ነው።

ቅዳሜ ዕለት ላባ ከመነሻው መስመር እንደ በሽተኛ አቃስታ ተነሳች። ሌሎቹ አቧራቸውን አልብሰዋት ሄዱ። ከተመልካቹ አንዱ ይቺን ላባ ዝናብ መትቷት ነው እንዴ ብሎ ሰዉን አሳቀ። አባትን ያንገበገበው ግን ይህ አልነበረም። አማቹ ለሙከራ ብሎ ከልጅቷ ጎን ሲቀመጥ ላባ ደህና አድርጋ ተነሳች።

“አየህ ጋሼ፣” አለው ሲወርድ ደረቱን ነፍቶ፣ “እኔ ካለሁ ትታዘዛለች። ሞተርህ ግን ደክሟል። ሰኞ አውርደን ሌላ እንጭንላታለን።”

ሰው ፊት፣ ልጁ ፊት።

ሰኞ ጠዋት አባት ጋራዥ ሲደርስ አማቹ የሞተር ማንሻውን ወደ ላባ እየገፋ ነበር። አባት የመኪና ማሰሪያውን ሰንሰለት አንስቶ ፊቱ ተገተረ። ሞተሩን ከመፍታትህ በፊት እንደገና ምሰሶው ላይ ትታሰር አለው።

በሞተርና በካምቢዮ መሀል ኮንቨርተር የሚባል ድብልብል ብረት አለ፤ የሞተሩን ጉልበት በዘይት ያሻግራል። ሞተሩ በደቂቃ የተወሰነ ዙር እስኪዞር ይንሸራተታል፣ ከዚያ ጨብጦ ይገፋል። ያ የሚጨብጥበት ዙር ሞተሩ ጉልበት ከሚያወጣበት ጋር መገጠም አለበት። በዚህ ጋራዥ ይህን የሚያዩት መኪናዋን ግቢው መሀል ከተተከለው የብረት ምሰሶ ጋር አስረው፣ ነዳጅ ረግጠው፣ የዙር መቁጠሪያው መርፌ የት እንደሚቆም በመመልከት ነው። ላባም ከቅዳሜው በፊት ስትታሰር መርፌው ልክ በሚፈለገው ቦታ ቆሞ ነበር። ስለዚህ ኮንቨርተሩ ነፃ ወጣ፣ ጥፋቱ ሁሉ ሞተሩ ላይ ወደቀ። የመለዋወጫ ነጋዴውማ ሲሸጥላቸው የሞተሩን መጠን ብቻ ጠይቆ ነው ዕቃውን ያወረደው።

አሰሯት። ልጅቷ ገብታ ነዳጅ ረገጠች። ሞተሩ አገሳ፤ መርፌው ወጥቶ እዚያው የድሮው ቦታ ቆመ።

“ይሄ ነው የደከመው?” አለ አባት፤ ድምፁ ከሞተሩ በለጠ።

አማቹ ትከሻውን ሰበቀ። እዚህ ሲጮህ ጀግና ነው፣ ሜዳ ላይ ግን አይተነዋል አለ። በዚህ መሀል ልጅቷ ሞተሩን አጥፍታ አንገቷን በመስኮት አወጣች።

“አባዬ፣ ሜዳ ላይ ማን አሰረኝ?”

ሰንሰለቱን ፈትተው በግቢው ርዝመት አስነሷት። መርፌው ገና ግማሽ ሳይደርስ ላባ ሄዳለች። ከቅለቷ የተነሳ ኮንቨርተሩ ትንሽ ሲነካት ትሸሻለች፤ ሞተሩ ጉልበቱ ካለበት ዙር ሳይደርስ ሥራው ይጫንበታል። ምሰሶው እንደ ከባድ መኪና ይዟት ነበር እንጂ ሜዳ ላይ የሚይዛት የለም።

አባት ወደ አማቹ ዞረ። “ቅዳሜ ያዘዝካት በኪሎህ ነበር።”

አማቹ ሳቀ፤ ይቅርታ ግን ከአፉ አልወጣም። ድሮም ሞተሩን አልጠላሁትም አለ። አባት መልስ ሊሰጥ ሲል ዐይኑ ምሰሶው ላይ አረፈ። ጋራዡ የጭነት መኪና ብቻ ይሠራ በነበረበት ዘመን ቆፍሮ የተከለው እሱ ራሱ ነው። ምሰሶው ለከባዶቹ መኪኖች አልዋሸም። ንዴቱ ግማሹ ወደ ራሱ ሲመለስ ተሰማው፤ ይህን ዐይን ለልጁ የሰጠውንም አምላክ በልቡ አመሰገነ። ከዚያ የሞተር ማንሻውን በገዛ እጁ ገፍቶ ጥጉ ላይ አቆመው።

ከሰዓት በኋላ ከፍ ባለ ዙር የሚጨብጥ ኮንቨርተር ሊገዙ ሄዱ። ነጋዴው ከስልኩ ቀና ሳይል፣ የሞተሩ መጠን ስንት ነው አለ።

“እሱን ትደርስበታለህ፣” አለ ሞተር ሠሪው ባንኮኒውን ተደግፎ። “መጀመሪያ ክብደቷን ጠይቀኝ።”

ነጋዴው ቀና አለ።