እማማ ታደሉ እና የጎማዬ እርሳስ

ወልድያ

ሰቆጣ የምሄደው የክርስትና እናት ላመጣ ነው። የልጃችን ሰማንያ ቀን ከነገ ወዲያ ይሞላል፤ ክርስትና የሚያነሷት ደግሞ እማማ ታደሉ እንጂ ሌላ ሰው ሊሆን አይችልም።

ሰቆጣ አስተማሪ ሆኜ በተመደብኩ ጊዜ ግቢያቸው ውስጥ አንዲት ክፍል ያከራዩኝ እሳቸው ናቸው። ከባለቤቴ ከሰናይት ጋር ተጋብተን የገባነው እዚያች ክፍል ነው፤ የመጀመሪያው እርግዝና የጨነገፈብንም እዚያው ነው። ያን ሰሞን እማማ ታደሉ አጥሚት እያፈሉ ሰናይትን እንደ አራስ አረሷት። አጉል አጽናኝ ሲመጣ «ልጁ ባይኖርም አራስ ናት፤ ዝም ብላችሁ እቀፏት» እያሉ ጎረቤቱን አደብ አስያዙት። በኋላ ደግሞ «የሚቀጥለውን የማነሳው እኔ ነኝ፤ ቀድሜ ይዣለሁ» አሉ። የሚቀጥለው ዓመታት ቆይቶ መጣ። ሴት ልጅ ሆና መምጣቷ ደግሞ ነገሩን አቀለለው፤ ወንድ ቢሆን ኖሮ፣ ወንድን የሚያነሳ ወንድ ነውና፣ እማማ ከቄሱ ጋር ሳይጣሉ አይቀሩም ነበር።

ችግሩ ወገባቸው ነው። ባለፈው ክረምት ዳጥ ላይ ወድቀው ተጎድተዋል፤ ሐኪሙም ከመናጥ ይጠበቁ ብሏቸዋል። በስልክ ስለምናቸው «መኪና ኸሚንጠኝ በእግሬ ብመጣ ይሻለኛል» አሉኝ። እኔም አፌን ሳልሰበስብ «የእኔ መኪና አይንጥም፤ ቤት እንደ መቀመጥ ነው» ብዬ ቃል ገባሁ። ያቺ አሮጌ ፒካፕ ግን ፍጥነት ስትጨምር መሪዋ እንደ ወፍጮ ቤት ነበር የሚንቀጠቀጠው።

ስለዚህ በመነሻዬ ዋዜማ ጎሚስታ ዘንድ ሄድኩ። ጎማዎቹን አንድ በአንድ ማሽን ላይ እያሽከረከረ፣ ቀለል ባለው ጎን፣ በጎማው ብረት፣ በቸርኬው ውስጠኛ ገጽ ላይ፣ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያካክሉ ግራጫ እርሳሶች ለጠፈ። በእያንዳንዷ ላይ ክብደቷ በቁጥር ተጽፎባታል።

«ጎማ አንድ ጎኑ ከከበደ ሲፈጥን ይዘላል» አለኝ። «እርሳሷ ሚዛኑን ትጠብቅልሃለች። ጭቃ እንዳይደርቅበት ብቻ ተጠንቀቅ። ጭቃም ክብደት ነው፤ ሁሉን ነገር ያበላሸዋል።»

በማግስቱ ማለዳ ከወልድያ ስወጣ መሪውን በሁለት ጣት ይዤ ነበር። መኪናዋ እንደዚያ ልስልስ ብላ አታውቅም፤ ብቻዬን እየነዳሁ ሁለት ጊዜ አመሰገንኳት።

ወደ ላይ

ቆቦ ሜዳ ላይ ማሽላው ከመንገዱ ግራና ቀኝ ራሱን አዘንብሎ ቆሟል። ከአላማጣ በኋላ የግራካሱ ተራራ ጠመዝማዛውን ይጀምራል፤ እዚያ ላይ ሾፌር ሁሉ ጸሎተኛ ነው። ኮረም ስደርስ ሙቀቱ ወደ ታች ቀርቶ ብርድ ተቀበለኝ። ሻይ በዳቦ ቀማምሼ ወደ ዋግ አቅጣጫ ተጠመዘዝኩ።

ከኮረም ወዲያ ያለውን መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል። አብዛኛው ጠጠር ነው፤ ጠጠሩ የመኪናን አመል ሁሉ ይደብቃል። ጤነኛዋም በሽተኛዋም እኩል ይንቀጠቀጣሉ። ተራራው የተራቆተ ይመስላል እንጂ ቀረብ ብለው ሲያዩት በእርከን ተሸንሽኗል፤ ከእርከኑ ሥር ቁልቋል፣ ከቁልቋሉ ሥር ፍየል አለ። ይህን አገር መጀመሪያ ስመጣ ደረቅ ነው ብዬ አልቅሼ ነበር፤ ስለቅ ደግሞ ከዚያ የባሰ አለቀስኩ።

ሰቆጣ

ከተማው ውስጥ ባጃጆቹ እንደ ድሮው ይጋፋሉ። ከዚያው ከዋግ ዝቋላ ወረዳ በእግር የመጡ ገበያተኞች ፍየሎቻቸውን እየነዱ መንገዱን ሞልተውታል፤ ጡሩንባ ብነፋ ፍየሎቹ ዞረው እኔን ያዩኛል። እማማ ታደሉ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ከወገባቸው ትንሽ አዘንብለዋል። ስሜን ሳይጠሩ፣ ሰላምም ሳይሉ፣ «ማንን ትመስላለች?» አሉኝ።

«ሰናይትን።»

«ተመስገን» አሉና ሳሙኝ።

ማታ የማሽላ እንጀራ በፍየል ወጥ፣ ከዚያም ነጭ ማር ቀረበልኝ። ሊሰናበቷቸው ከመጡ ጎረቤት ጋር በአገሬው ቋንቋ በኽምጣኛ እያወሩ ይስቃሉ። ኽምጣኛ ለመማር ያኔ ሞክሬ ነበር፤ ከሰላምታ አላለፍኩም። ስለ እኔ እንደሚያወሩ ግን የሚገባኝን ያህል አውቃለሁ።

ሲነጋ ስወጣ እማማ ታደሉን በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ ባልዲ አጠገባቸው አድርገው፣ በግራ የፊት ጎማ ፊት ለፊት አገኘኋቸው። ያ ጎማ በአሸዋና በጨርቅ ተፈትጎ ቸርኬው ያብረቀርቃል። የቀሩት ሦስቱ አቧራ እንደለበሱ ናቸው።

«እማማ፣ በዚህ ወገብ ምን እየሠሩ ነው?»

«አቧራ ለብሶ ክርስትና አይኬድም ብዬ ነበር።»

«አንዱን ብቻ አጥበው ደከምዎት?»

አንዳች ነገር በመሐረብ ቋጥረው ወደ ጉያቸው ሲያስገቡ አየሁ። ገንዘብ ወይም መድኃኒት ነው ብዬ ፊቴን አዞርኩ፤ ሽማግሌ ሴት ጉያዋ ውስጥ የምትይዘውን አይጠየቅም። ከመሳፈራቸው በፊት ደግሞ ከላስቲክ ጠርሙስ ጠበል ረጩ፤ መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ ያን አንዱን ጎማ።

ኮረም

እስከ ኮረም መዳረሻ ሰላም ነበር። ለወገባቸው ሁለት ትራስ አድርጌ፣ የጋቢናውን ወንበር ወደ ኋላ ለጥጬ፣ ጉድጓድ ሁሉ እየሸሸሁ ነዳሁ። ሜዳውና ደልዳላው መንገድ ላይ ደርሼ ፍጥነት ስጨምር ግን መሪው እጄ ላይ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ቀነስኩ፤ ተወኝ። ጨመርኩ፤ እንደገና ያዘኝ። ሰናይትን ምን ልላት ነው? እኚህን ሴትዮስ?

እማማ ታደሉ እጄን እያዩ ያማትባሉ። «አይዞህ» አሉኝ በዝግታ። «ሲለቅ እንዲህ ነው።»

ሊያጽናኑኝ ያሉት መሰለኝ። መኪናውን አቁሜ የአራቱንም ጎማ ቡሎን አጠበቅኩ። ነፋሳቸውን አየሁ። ቸርኬው ውስጥ የደረቀ ጭቃ ፈለግኩ። ከሁሉም ንጹሑ ያ የታጠበው ነው፤ ንጹሑን ደግሞ ማን ይጠረጥራል?

ኮረም ከተማ ውስጥ ግደይ የሚባል ጎሚስታ አገኘሁ። ማሽን የለውም፤ ዘዴ ግን አለው። «የፊት ጎማ ሲያጠፋ መሪ ላይ ይሰማል፤ የኋላው ሲያጠፋ ወንበር ላይ» አለኝ። «የፊት ግራውን ወደ ኋላ እንውሰደው። ንዝረቱ አብሮት ከሄደ ጥፋቱ የእሱ ነው።» በክሪክ አንስቶ ቀያየራቸው። እማማን አሳፍሬ ወደ ሜዳው ተመለስኩ፤ ፍጥነት ጨመርኩ።

መሪው ጸጥ አለ። «ተወኝ!» ብዬ ጮህኩ ከደስታዬ ብዛት።

ዞር ስል እማማ ታደሉ የወንበሩን ጠርዝ በሁለት እጃቸው ጨብጠዋል። ከሥራቸው ወንበሩ ይንዘፈዘፋል።

«ኸአንተ ወጥቶ ኸእኔ ገባ» አሉ።

«ምኑ?»

«ያወጣሁት ነዋ።»

መንገድ ዳር አቆምኩ። መሐረቡን ከጉያቸው አውጥተው ፈቱት። በውስጡ ሦስት ግራጫ እርሳሶች አሉ።

ነገሩን ሲነግሩኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው። ጎማውን ሲያጥቡ እጃቸው በቸርኬው ቀዳዳ ገብቶ ይህን ነካ። ጎንበስ ብለው ሲያዩ ቁጥር ተጽፎበታል። በስውር ቦታ፣ ከውጭ በማይታይበት፣ ቁጥር የተጻፈበት ነገር ለጥፎ የሚሄድ ምን ዓይነት ሰው ነው? መተት ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል! በቢላዋ ፈልቅቀው አወጡት፤ ሌላውን ጎማ መንካት ፈሩ። ለእኔ ያልነገሩኝ እንዳልደነግጥ ነው። ወልድያ ደርሰው ለቄስ ሊያስረክቡት ነበር። መሪው ሲንዘፈዘፍ ደግሞ፣ ጠበል የነካው ሰው እንደሚያደርገው፣ ክፉው ነገር እየለቀቀኝ መሰላቸው።

«ልጅ ወልዶ መኪና የያዘን ሰው የምቀኛ ዓይን አይለቀውም» አሉኝ። «አንተ ሞኝ ነህ፤ አታውቅም።»

መጀመሪያ ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ እንባዬ ቀደመው። በታመመ ወገባቸው ጎንበስ ብለው ከእኔ ላይ ጠላት ሲነቅሉልኝ ነው የነጋው።

«እማማ፣ ይሄ እርሳስ እኮ ነው።»

«እርሳስማ የሚጻፍበት ነው። ይሄ የተጻፈበት ነው!»

ወደ ግደይ ይዣቸው ተመለስኩ። መሐረቡን ሲያይ ገባውና ጥርሱን ገለጠ። «አደይ፣ ይሄ ሚዛን ነው» አላቸው፤ በትግርኛ እናቴ ማለቱ ነው።

«ሚዛን ኸሆነ ምን አስደበቀው? ገበያ ላይ ሚዛን ተደብቆ አይታችሁ ታውቃላችሁ?»

ግደይ እኔን አየኝ፤ እኔ ግደይን። ጎማው ሲነቀል የእርሳሶቹ ሙጫ ቦታ ቸርኬው ላይ በግልጽ ይታያል፤ መልሶ መለጠፉ ቀላል ነው። እማማ ግን ነጠላቸውን ሰብስበው ግንቡ ላይ ተቀመጡ። «እሱ ኸተመለሰ አልሳፈርም። ልጅ ላነሳ እየሄድኩ ድግምት ላይ አልቀመጥም። ኸዚሁ ሰቆጣ የሚሄድ መኪና አላጣም።»

ሳይመለስ ብሄድ ወገባቸው ያልቃል። በዝግታ እንንፏቀቅ ብል ይመሽብናል፤ ክርስትናው ደግሞ ጎህ ሲቀድ ነው። በጉልበት ላሳፍራቸው ብል፣ እንኳን እኔ ግራካሱም አይገፋቸውም። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ተከራያቸው በነበርኩ ጊዜ ማታ ማታ ስለ አባታቸው የነገሩኝ ትዝ አለኝ፤ አሞሌ ጨው በአህያ ጭነው ሰቆጣ ገበያ ያወጡ ነበር።

«እማማ፣ አባትዎ ጭነቱ ሲያጋድልባቸው ምን ያደርጉ ነበር?»

«አሁን ይሄ ምን አመጣው?»

«ይንገሩኝ እስቲ።»

«ቀለል ባለው በኩል ድንጋይ ያስሩበታል። አለዚያ የአህያዋ ወገብ ይላጣል።»

«ድንጋዩ ይታይ ነበር?»

«ኸጆንያው ሥር ይገባል እንጂ ምኑ ይታያል…» አሉና አቋረጡ። መሐረባቸውን አዩ። የተነቀለውን ጎማ አዩ። እርሳሶቹን በመዳፋቸው ላይ አገላብጠው መዘኗቸው።

«ድንጋዩ ነው?»

«ድንጋዩ ነው።»

«ቁጥሩስ?»

«የድንጋዩ ክብደት ነው።»

እርሳሶቹን መሐረቡ ላይ አስቀመጡ። ከዚያ ጉልበቴን በጥፊ መቱኝ። «ታዲያ ድንጋይ ነው አትለኝም ኖሯል! እርሳስ፣ ሚዛን እያልክ ታደነቁረኛለህ!»

ግደይ ማስቲሹን ከፈተ። እማማ ግን ነገሩን በዋዛ አልለቀቁም። «አባቴ ድንጋዩንም በስመ አብ ብሎ ነበር የሚያስረው» አሉ። ከቦርሳቸው ከቤተ ክርስቲያን የያዙትን እምነት አውጥተው፣ ያን የተቀደሰ አፈር በጣታቸው ቆንጥረው፣ ማስቲሹ ላይ ነሰነሱት። ግደይ «አደይ፣ እንዲህ ኾኖ አይይዝም» ቢል ማን ሰምቶት! ሦስቱንም እርሳሶች በየቦታቸው ራሳቸው ተጭነው ለጠፉ። በየጠርዙም እምነቱን በመስቀል ምልክት መረጉት።

የቆቦ ሜዳ

ግራካሱን በቀስታ ወረድን። ሜዳው ላይ ስንደርስ ፀሐይዋ አዘንብላለች፤ መንገዱ ቀጥ ብሎ ይታያል። እግሬ ነዳጁን ለመርገጥ ፈርቶ ነበር። ትንሽ ጨመርኩ። ደግሞ ጨመርኩ። መሪው ዝም፤ ወንበሩም ዝም። ልነግራቸው ዞር ስል እማማ ታደሉ አንገታቸውን ትራሱ ላይ ጥለው ተኝተዋል። ከዚያ ወዲህ እስከ ወልድያ ጡሩንባ አልነፋሁም።

ቤት

ሰናይት በር ላይ ልጅቷን ታቅፋ ጠበቀችን። እማማ ታደሉ ሕፃኗን ከእናቷ እጅ ወሰዱና ግንባሯን አሸተቱ። «ቆየሽብኝ» አሏት።

ጎህ ሲቀድ በቤተ ክርስቲያኑ ቀጥ ብለው ቆመው አነሷት። ልጃችን ውኃው ሲነካት ተንዘፈዘፈችና ጮኸች። እማማ ወደ እኔ ዞር ብለው በዓይናቸው ሳቁ።

ሰንብተው ሰቆጣ መለስኳቸውና ብቻዬን ተመለስኩ፤ ባዶው ወንበር ላይ ትራሶቹን እንደነበሩ ተውኳቸው። ከዚህ ጉዞ ምን ተማርክ ብትሉኝ፣ መሪያችሁ ሲንቀጠቀጥ አስቀድማችሁ ጎማውን ማን እንዳጠበው ጠይቁ፤ ከመቆጣታችሁም በፊት ለምን እንዳጠበው እላችኋለሁ።

የዋግ ጭቃ ቸርኬዎቹ ውስጥ ስለደረቀ ወልድያ ወደ ጎሚስታው ወሰድኳት። ጎማዎቹን እያወረደ በመፋቂያ ጭቃውን ያረግፋል። ከኋላ ግራው ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት ጭቃ ነው፣ ከእርሳሱ ጋር የተጣበቀ?»

«ጭቃ አይደለም» አልኩት። «እምነት ነው።»

መፋቂያውን እንደያዘ አየኝ። «ልፋቀው?»

«ተወው። እሱን ጨምረህ ሚዛኑን አውጣልኝ።»