የእንግሊዝ ዙፋን በሶደርተልየ ሳሎን

ስፖንጋ፣ ቅዳሜ ረፋድ

ለሽምግልና ከከተማችን ወጣ ወዳለችው ወደ ሶደርተልየ ተነሣን። የወንድሜ ልጅ ናትናኤል ሊያገባት የሚፈልጋት ሄለን ካቶሊክ ናት፤ እኛ ጴንጤ ነን፤ ሕፃን አናጠምቅም። አብረውኝ የተላኩት የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ጋሽ ደምሴ ናቸው። ወንድሜ እስከ ከተማ ባቡሩ ጣቢያ ሸኝቶን ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለና «ወደፊት የሚወለዱትን ልጆች ጥምቀት ካነሡ፣ እግዚአብሔር ያውቃል ብለህ እለፍ» አለኝ። የልቡን ግን አውቃለሁ፤ የልጅ ልጁ በሕፃንነቱ ካቶሊክ ቤት ሲጠመቅ ከሚያይ ሞቱን ይመርጣል።

መንገድ ላይ

ሲቲ በሚባለው ጣቢያ ባቡር ቀየርን። ጋሽ ደምሴ የቀረፋ ዳቦ ገዝተው ግማሹን ሰጡኝ፤ ሳልቀምሰው በእጄ ያዝኩት። ጥዱም ውሃውም በመስኮቱ ሲያልፍ ልብ አላልኩትም።

«የታሪክ አስተማሪ እንደነበርክ አውቃለሁ፤ ዛሬ ግን ታሪክ እንዳታበዛ» አሉኝ። ቃል ገባሁ።

ሶደርተልየ፣ ከሰዓት

የሄለን አባት አቶ ዮሴፍ በከባድ መኪና ፋብሪካ ዕድሜያቸውን የፈጁ ሰው ናቸው። ተቀመጡ ቢሉን በወጉ መሠረት «ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም» ብለን ቆምን። ጋሽ ደምሴ «ልጅዎን ለልጃችን» ሲሉ ቤቱ ጸጥ አለ። እኔ ደግሞ ዝምታ አልችልም።

«በእንግሊዝ እንኳ ድሮ ካቶሊክ ያገባ አልጋ ወራሽ ዙፋኑን ያጣ ነበር፤ አሁን ተፈቅዷል» አልኩ።

አቶ ዮሴፍ ቀና አሉ። «ዙፋኑ ላይ የሚቀመጠውስ? ካቶሊክ መሆን ይችላል?»

«እሱ... እሱ ገና አልተፈቀደም።»

«እንግዲህ ሚስቲቱን ፈቅደው ዙፋኑን የሚወርሰውን ልጅ ለራሳቸው አስቀርተዋል። እናንተስ? የልጅ ልጄ በሕፃንነቱ ይጠመቃል ወይስ አይጠመቅም?»

ጋሽ ደምሴ እግሬን ረገጡኝ። የወንድሜ ቃል ምላሴ ላይ ነበረ፤ ግን ሰውዬው ዓይን ዓይኔን እያዩኝ እንዴት ልዋሽ? ፈራሁ፤ አፈርኩም።

«ወንድሜ አይፈልግም። እንዳልናገርም ነግሮኛል» አልኩ።

አቶ ዮሴፍ ከመቀመጫቸው ተነሡ። «የዛሬ ሁለት ሳምንት እሱን ራሱን ይዛችሁ ኑ። ሊናገር ያፈረውን እርስዎን ለምን ያሸክማል?» እሺም እምቢም ሳይሉ በር ድረስ ሸኙን።

ወደ ቤት

ጋሽ ደምሴ በባቡሩ ከእኔ ራቅ ብለው ተቀመጡ። ወንድሜ የሆነውን በስልክ ስነግረው «ሽማግሌ የላክሁ መስሎኝ፣ ለካ የላክሁት የአቶ ዮሴፍን ምስክር ነው!» ብሎ ጮኸብኝና ዘጋው። ስለ ነገሥታት ሃይማኖት ዓመታት አስተምሬ፣ የጠቡ ሥር ከሙሽሪት ይልቅ አልጋ ወራሹ መሆኑ የገባኝ ገና ዛሬ ነው።

ናትናኤል ቤቴ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር።

«አጎቴ፣ ምን አሉ?»

«ልጆቻችሁ ይጠመቁ እንደሆነ ጠየቁ። አንተና ሄለን ምን ተባባላችሁ?»

ፊቱ ልውጥ አለ።

«ስለሱ እኮ ተነጋግረን አናውቅም።»