በማኅተም ወረቀት የጻፍሁት የአልጀብራ ቅሬታ

ያሰሩኝ የሽምብራ መጋዘን ውስጥ ነው። ወረታ ላይ እህል ይከማችበት የነበረ ባለቆርቆሮ ቤት ነበር፤ እስረኛ ሲበዛ እህሉን አውጥተው እኛን አስገቡን። ሽምብራው ግን ጨርሶ አልወጣም። በየስንጥቁና በየጥጉ ተበትኖ ስለቀረ ስንገላበጥ ጎናችንን ይቆረቁረን ነበር።

አሥረኛ ክፍል ነበርሁ። አንድ ማለዳ ትምህርት ቤታችን ግቢ ውስጥ ደርግን የሚቃወም ወረቀት ተበትኖ ተገኘና ከክፍላችን ስድስት ሴቶችን ለቅመው ወሰዱን። እኔ አልበተንሁም። ብበትን ኖሮም አልነግራቸውም ነበር፤ ጠባዬ ነው። ሰባተኛችን አንዲት ሙስሊም ባለሱቅ ነበረች፤ ጨው ደበቅሽ ብለው ያመጧት፣ ጎልማሳ፣ አንደበቷ የማይደክም ሴት። እትየ እንላት ነበር።

እውነቱን ለመናገር እኔን ያስጨነቀኝ እስሩ ሳይሆን የሒሳብ መምህራችን ነበሩ። ዓመቱ ሲጀመር የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ አልጀብራ አላስተማሩንም። ከእኛ የሚጠብቁትን ሰሌዳ ላይ ጽፈው አስገለበጡን። የቤት ሥራ በየሰኞው ይገባል። መልስ ብቻ የጻፈ ዜሮ ነው፤ መንገዱ መታየት አለበት። ሦስት የቤት ሥራ ያጎደለ ከዝርዝራቸው ይሰረዛል፣ ዓመቱንም ይደግማል። ማርኬ ተበደለ የሚል በሦስት ቀን ውስጥ በጽሑፍ ያቅርብ፤ በአራተኛው ቀን አይሰሙም። አንዱ ተማሪ «ለቅሶ ቢያጋጥመንስ?» ቢላቸው «ለቅሶም ይደረሳል፣ የቤት ሥራም ይሠራል» አሉት።

አባቴ ደግሞ አንበሳሜ ላለ አንድ ባለከብት ቃል ሰጥቶ ነበር። ክፍል ከደገምሁ ትምህርቱ ይቀርና እዳራለሁ። መጋዘኑ ውስጥ ሳለሁ ሁለት ሰኞ አለፈ። ሦስተኛው ካለፈ አለቀልኝ ማለት ነው።

ሦስተኛው ሰኞ ጠዋት የመምህሩን ድምፅ ከውጭ ሰማሁ። በር ላይ ምንሽር የያዙ ሽማግሌ ገበሬ ነበሩ የሚጠብቁን።

«ምን ፈልገው ነው፣ መምህር?»

«ተማሪዎቼ የቤት ሥራ አለባቸው።»

«እስረኞች እኮ ናቸው።»

«በእኔ መዝገብ ተማሪዎች ናቸው። ስማቸው ይሰረዝ የሚል ደብዳቤ አልደረሰኝም።»

በዚያ ሰሞን እዚያ በር ላይ ቆሞ የእኔ ናቸው ማለት ቀልድ አልነበረም። ያሰረን ካድሬ ወጣ፤ ወረቀቶቹን ገልብጦ አየና «ቁጥር ነው፤ ይግባ» አለ። እርሳስም አብሮ ገባ። መምህሩ ከሰዓት በኋላ ሊሰበስቡ እንደሚመለሱ ነግረው ሄዱ።

አምስት ጥያቄ ነው። አራቱን ቶሎ ጨረስሁ። የቀረው ድምራቸው አሥራ አራት፣ ሲባዙ አርባ አምስት የሚሆኑ ሁለት ቁጥሮች ፈልጉ ይላል። የተማርነው ቀመር ነበረ፤ ያን ዕለት ግን ከጭንቅላቴ ጠፋ።

«ምን ሆነሽ ነው እርሳሱን የምትነክሽው?» አለችኝ ባለሱቋ። ነገርኋት። ከስንጥቁ ውስጥ አሥራ አራት ሽምብራ ለቅማ ፊቴ አስቀመጠች።

«መጀመሪያ እኩል አካፍይው። ከዚያ እስኪስማማሽ ድረስ ካንዱ ወዳንዱ አዛውሪ። እኔ ሱቄ ውስጥ ሌላ ዘዴ የለኝም።»

ሰባትና ሰባት አደረግሁት፤ ሲባዛ አርባ ዘጠኝ። አንድ ፍሬ አዛወርሁ፤ ስምንትና ስድስት፣ አርባ ስምንት። ሌላ አንድ ጨመርሁ፤ ዘጠኝና አምስት፣ አርባ አምስት። መልሱ ወጣ። ከመልሱ ይልቅ ደስ ያለኝ ግን ሌላ ነው። አንድ ሳዛውር አንድ ጎደለ፣ ሁለት ሳዛውር አራት ጎደለ። የሚጎድለው የተዛወረው በራሱ ተባዝቶ ነው። ማንም ሳይነግረኝ አየሁት። ቦታው ጠባብ ስለነበር «ሰባትና ሰባት። ሁለት ማዛወር። ዘጠኝና አምስት» ብዬ ጽፌ ሰጠሁ።

ረቡዕ ታርሞ መጣ። አሥራ ስድስት ከሃያ። አምስተኛው ላይ በቀይ «ግምት አልቀበልም» ይላል።

ደሜ ፈላ። ሲያስሩኝ ያላለቀስሁት እኔ ያን ቀይ ቀለም አይቼ አለቀስሁ። በሦስት ቀን ውስጥ ቅሬታ መጻፍ አለብኝ፣ ወረቀት ግን የለኝም።

ሐሙስ ወረቀት መጣ። ካድሬው ለእያንዳንዳችን ማኅተም ያለበት ሁለት ሁለት ቅጠል አደለን። ግለ ሂስ ነው። «ስህተታችሁን ጻፉ። ሁለቱንም ሞልቶ የሰጠ ቅዳሜ ቤቱ ይገባል» አለ። ጓደኞቼ ጻፉ። አልፈርድባቸውም፤ አንዷ የታመመች እናት ነበረቻት። እኔ ወረቀቱን ይዤ ቁጭ አልሁ።

ባለሱቋ ገባት። «ልጄ፣ አራት ማርክ ከቤትሽ በልጦብሽ ነው?»

«እትየ፣ አልገመትሁም እኮ።»

«እሱስ አልገመትሽም። እኔ ምስክር ነኝ» አለችና እርሳሱን አቀበለችኝ።

በመጀመሪያው ቅጠል ላይ «ያጠፋሁት የለም» ብዬ ስሜን ጻፍሁ። ሁለተኛው ላይ ስሜን፣ ክፍሌን፣ ቀኑን፤ እስረኛ የሚል አልጨመርሁም። የተዛወረውን ኤክስ አልሁት። ሰባት ሲደመር ኤክስ እና ሰባት ሲቀነስ ኤክስ ሲባዙ አርባ ዘጠኝ ሲቀነስ ኤክስ ስኩዌር ነው። ይህ አርባ አምስት ከሆነ ኤክስ ሁለት ነው። መስመር በመስመር ካሳየሁ በኋላ «ስለዚህ ግምት አይደለም፤ ማርኬ ይመለስልኝ» አልሁ።

ዓርብ ጠዋት ለሽማግሌው ሰጠኋቸው። «አባባ፣ ይችን ለመምህሩ ያድርሱልኝ። ቀኑ ሊያልፍብኝ ነው።»

«ማኅተም አለበት እኮ» አሉ አገላብጠው።

«ጉዳዩም ማኅተም የሚያስፈልገው ነው።»

ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱት።

ከሰዓት በኋላ ካድሬው ሊሰበስብ መጣ። «ሁለተኛው ቅጠል የት አለ?»

«የተበደልሁት ማርክ ነበር። ቅሬታ ጻፍሁበት።»

«ስህተትሽን ጻፊ ተባልሽ እንጂ የመምህርሽን አልተባልሽም።»

«የእኔን ፈልጌ አጣሁት።»

በጥፊ መታኝ። ግራ ጆሮዬ ሁለት ቀን ጮኸ። ቅዳሜ አምስቱ ጓደኞቼ ወጡ፤ እኔና ባለሱቋ ቀረን። ለእኔ ያ ቅጠል ሃያ አንድ ቀን ጨመረብኝ። አዎ፣ ከፍቶኝ ነበር። አልጸጸተኝም ግን።

መምህሩንም ጠርተው በማኅተም ወረቀት የተጻፈ ምን አግብቶህ ተቀበልህ ብለዋቸው ኖሯል። «ቅሬታ በጽሑፍ ይቅረብ ያልሁ እኔ ነኝ» ብለው እንደመለሱ የነገሩኝ ሽማግሌው ናቸው። ሰኞ ከአዲሱ የቤት ሥራ ጋር የእኔ ቅጠል ተመልሶ ገባ። ከማኅተሙ ጎን በቀይ እንዲህ ይላል፦ «ግምት አይደለም። ከእኔ መንገድ ያጥራል። ትክክል ነሽ። ሃያ ከሃያ።»

ባለሱቋ አስደግማ አስነበበችኝ። «ከሃያው የእኔ ስንት ነው?» አለች።

«ግማሹ።»

«በይ አሥሩን ያዥልኝ» ብላ ጋደም አለች።

ስወጣ ስሜ በዝርዝሩ ላይ ነበር። አሥራ አንደኛ ክፍል ገባሁ፤ የአንበሳሜው ሰውዬ ሌላ አገባ። ኋላ እኔም የሒሳብ መምህር ሆኜ እዚያው ወረታ አስተማርሁ። ሽምብራ ይበቅልበት የነበረው ሜዳ ዛሬ ሩዝ ነው፤ የእኔ ሕግ ግን ያው ነበር። በየዓመቱ በመጀመሪያው ቀን ሰሌዳ ላይ ጽፌ አስገለብጥ ነበር። ስለ ቅሬታው ሳነብ ተማሪዎቼ ይስቁ ነበር፤ ማን ከእርስዎ ጋር ይከራከራል ይሉኝ ነበር።

ጡረታ በወጣሁበት ዓመት አንዲት ልጅ ማርኳን ባየች በሦስተኛው ቀን ወረቀት ይዛ መጣች። ፈርታለች፣ ወረቀቱን ግን አልለቀቀችም። ቁጭ ብዬ መስመር በመስመር አየሁት። የተሳሳትሁት እኔ ነበርሁ። ቀይ እስክሪብቶዬን አንስቼ «ትክክል ነሽ» ብዬ ጻፍሁላት።

ወረቀቱን ሳታየው አጥፋ ልትወጣ ስትል አስቆምኋት።

«አንብቢው» አልኋት። «ጮክ ብለሽ አንብቢው።»